እናቷን ሊያይ የመጣው አሰልጣኝ

ሄመን የእናቷን ፎቶ ከግድግዳው ስታወርድ ምስማሩ አብሮ ወጣ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ ላይ የነበረችው እናቷ ማሪቱ፣ ምስማሩ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ሲንከባለልና የስፌት መኪናው እግር ሥር ደርሶ ሲቆም ሰማች። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ሌላ ቀን ልጅቷ በዚህ ሰዓት የሩጫ ጫማዋን አጥልቃ ወጥታለች። ዛሬ ግን በካልሲ ብቻ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች በስልክ ታንሾካሽካለች።

«የሷን አወረድኩት። የሰርጉንም አወርደዋለሁ። አባዬ ብቻውን ያለበት ይቀመጥ፣ እሱ ቀጭን ነው። አንቺ ብቻ ሱሪ እንዳትለብሺ አክስቴ፣ ነጠላ አድርገሽ ነይ። ደግሞ ሄመን ሄመን አትበይኝ፤ ሄሚ በይኝ። እማ እንደዚያ ነው የምትለኝ።»

ማሪቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። አልጋው ሲንቋቋ ሹክሹክታው ቆመ።

አሰልጣኝ ዓባይነህ ዛሬ ረቡዕ ረፋድ ላይ እንደሚመጣ ከልጇ ሳይሆን ከሰፈሩ ሰው ነበር የሰማችው። ሱሉልታ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ያለው ሁሉ የሰውየውን ልማድ ያውቃል። ክለቡ በዓመት አንዲት ልጅ ነው የሚወስደው። ልጅቷን ስድስት ወር ሜዳ ላይ ሲያያት ይከርምና በመጨረሻ ቤቷ ድረስ ሄዶ እናቷን ያያል። ብዙም አይጠይቅም። ተቀምጦ የቀረበለትን እየበላ እናትየዋ ስትነሳ፣ ስትቀመጥ፣ ትሪ ይዛ ስትጎነበስ ይመለከታል። እናቷ ሰፊ ከሆነች ልጅቷም ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ትሰፋለች፣ ልፋቱም ውሃ ይበላዋል ባይ ነው። አምና ከሁሉም ቀድማ ትገባ የነበረችውን ጠይባን እናቷን ባየ በማግስቱ ትቷታል። ጠይባ አሁን ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ወረቀት ትለጥፋለች። ማሪቱ የጠይባን እናት ልክ ታውቃለች፤ ወገቧ ዘጠና ስምንት፣ ዳሌዋ መቶ አሥራ ስድስት። የራሷን ግን አታውቅም። ከጠይባ እናት እንደምትበልጥ ለማወቅ ሜትር አያስፈልጋትም።

ልክ ማወቅ ሥራዋ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚሁ ቤት ውስጥ የሴት ልብስ ስትሰፋ የለካችውን ሰው ሁሉ ደብተር ላይ አስፍራለች፤ ስም፣ ቀን፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ሴቶች ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲያርፍ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ማሪቱ ሜትሩን እንደያዘች ትጠብቃቸዋለች። «ተንፍሺ» ትላለች፤ «ቀሚሱ ውስጥ ልትተነፍሺ አይደል እንዴ?» ከተነፈሱ በኋላ የመጣውን ቁጥር ነው የምትጽፈው። አንዴ ሥራ በቀዘቀዘበት ክረምት ደብተሮቿን ዘርግታ እናትና ልጅ የሆኑትን ለቅማ አወጣች። ሠላሳ አንድ ጥንድ ሆኑ። የእያንዳንዷን ልጅ ልክ እናቷ በዚያው ዕድሜ ከነበራት ጋር አስተያየች፤ እናቲቱን በዚያ ዕድሜ ያልለካቻት ከሆነም የድሮ ቀሚሷን አስመጥታ ለካች። አሥራ ዘጠኙ ከእናታቸው ጋር ተቀራረቡ። አሥራ ሁለቱ ጨርሶ አልተገናኙም። አሥራ ዘጠኙ የተቀራረቡት በደም ይሁን ከአንድ ድስት ስለበሉ፣ ይህን ደብተሩ አልነገራትም። በሁዳዴ የበላችውን ሁሉ ከደብተሩ ጀርባ የጻፈችበትም ዓመት አለ። ጠዋት ምንም፤ ከቅዳሴ በኋላ አንድ እንጀራ በሽሮ፤ ማታ ግማሽ። በሃምሳ አምስተኛው ቀን ገበያው አጠገብ ያለው መድኃኒት ቤት ሚዛን ላይ ወጥታ ሁለት ኪሎ መቀነሷን አየች። በዳግማይ ትንሣኤ ሁለቱም ኪሎዎች ተመልሰዋል። ታናሽ እህቷ ውብአየሁ ደግሞ ረቡዕ ይሁን ዓርብ፣ ጥብስ ይሁን ቅቅል ያገኘችውን እየበላች ቡራዩ ሱቋ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ትውልና እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የሁለቱ እናት አንድ ናት፤ አባታቸውም አንድ ነው። ሰፈሩ ግን ማሪቱ ተደብቃ ትበላለች ብሎ ጨርሷል።

ስትነሳ ፎቶው በነበረበት ቦታ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ወረቀቱ ከፎቶው ያንሳል። በዙሪያው ያልቆሸሸው ግድግዳ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ካሌንደሩ እዚያ ይሻላል ብዬ ነው» አለች ሄመን።

«ብርሃን አለው» አለች ማሪቱ።

በአፍ የተስማሙበት ግን ሌላ ነበር። አክስቷ ውብአየሁ ክፍለ ከተማ የምትጨርሰው ጉዳይ ስላላት ማሪቱ ቡራዩ ሄዳ ሱቁን ትጠብቅላታለች። ማክሰኞ ማታ ሄመን ይህን ስትነግራት እጇ የትራክሱቷን ዚፕ ከፍ ዝቅ ያደርግ ነበር። ማሪቱ እሺ ነበር ያለችው። አሁንም የሽሮውን ድስት አሳየቻት፤ ሽንኩርቱ ኪሎው መቶ ሃያ ስለገባ አንዱን ብቻ ጨምሬያለሁ፣ እንግዳ ከመጣ ሌላውን ጨምሪበት አለቻት። «ምን እንግዳ?» አለች ሄመን ቶሎ ብላ። «እንግዳ እንደሁ ነግሮ አይመጣም» አለች ማሪቱ። ከመውጣቷ በፊት ጓሮ ገብታ ገመድ ላይ የተሰጣውን ሰፊ ቀሚሷን አወረደች። ተመልሳም የስፌት ወንበሯ ላይ ያለውን ትራስ አነሳች። መሐሉ በሷ ልክ ጎድጉዷል፤ የሚያይ ዓይን ላለው ሰው ፎቶ ማለት ነው። አልጋ ሥር ወሸቀችው። ማሪቱ ይህን ስታደርግ ሄመን አይታታለች።

ከሱሉልታ የሚወርደው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። ረዳቱ የኋላውን ወንበር አየና እሷን አየ፤ ከዚያ «ማዘር፣ የሁለት ሰው ቦታ ነው እንግዲህ፣ ተስማምተን እንሂድ» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ማሪቱም ፈገግ አለች፤ ካልሳቁ ቂመኛ ይባላል። የተቀመጠችው በአንድ ጎኗ ብቻ ነበር፤ ሌላው እግሯ መተላለፊያው ላይ ነው። በመስኮቱ የሚሮጡ ልጆች በአስፋልቱ ዳር በተርታ ወደ ላይ ሲወጡ ይታያሉ። አምስት ሰዓት ላይ ሰውየው በሯን እንደሚያንኳኳ አሰበች። በሯን። ዊንጌት ወርዳ የቡራዩን ታክሲ እስክትይዝ ድረስ ሰዓቷን ሰባት ጊዜ አየች።

የውብአየሁ ሱቅ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። የሕፃናት ልብስና ነጠላ ጫማ ትሸጣለች። ደጃፉ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ የኦቦ ዋቆ ነው። የከብት መኖ የሚሸጡ ጎረቤት ናቸው፤ ሥራ ሲበርድ እዚያ ይቀመጣሉ።

«አካም ቡልተን ኦቦ ዋቆ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፤ ስማቸውን ከእህቷ ሰምታለች።

«ነጋ፣ ነጋ። አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?»

«የውብአየሁ እህት ነኝ። ታላቋ።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «እውነት? ታዲያ ቤታችሁ ያለውን ምግብ አንቺ ነበርሽ የምትጨርሽው?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ደግሞ አፈሩ መሰለ፣ ከድንጋዩ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጧት። «ቀልዴን ነው፤ የሷ ነገር ነው እኮ ያልገባኝ። በቀን ሁለት ምሳ ትበላለች። ሥጋ ቤቱ ምስክር ነው። ከበላች በኋላ እዚችው ድንጋይ ላይ ትመጣና ኦቦ ልቤ ይመታል፣ ኦቦ ሞቀኝ ትላለች። በሐምሌ! እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ። ቆይቷል። አትነግርሽም እንዴ?»

ማሪቱ ገብታ መደርደሪያውን ወለወለች፤ ጫማዎቹን በየቁጥራቸው ደረደረች። ለአንዲት እናት የሕፃን ሹራብ ሸጠች። አምስት ሰዓት ሆነ። አሁን ተቀምጧል ብላ አሰበች። አሁን ውሃ አቅርባለታለች። አሁን «ሄሚ» ብላታለች። ለመቀመጥ ሞከረችና ተነሳች። ለመቆም ሞከረችና ከመደርደሪያው ጥግ እስከ ጥግ ትመላለስ ጀመር። አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ነጠላዋን ለመስቀል ወደ ጓዳው ገባች።

ጓዳው የውብአየሁ መኖሪያ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አልጋው ላይ ያለው ብርድ ልብስ ከነመጠቅለያው ነው። ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ራሷ የሰፋቻቸው አራት ቀሚሶች በተርታ ተሰቅለው አየች። ሰማያዊውን አወረደችው። ለአምናው ፋሲካ የሰፋችው ነው። ዓይኗ ሳታዘው ጎኑ ላይ ሄደ፤ ስፌቱ የሷ አልነበረም። በእጅ የተሰፋ፣ እርምጃው የማይመጣጠን፣ በጥቁር ክር የተያዘ ነው። ገልብጣ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ከዳር በኩል የራሷ መኪና የተወው የመርፌ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ክሩ ተፈትቷል። ከዚያ አንድ ጣት ገባ ብሎ ሌላ የቀዳዳ መስመር አለ፤ እሱም ተፈትቷል። ከዚያም ወደ ውስጥ ጥቁሩ ክር። ቀሚሱ ሁለት ጊዜ ጠቧል። አረንጓዴውን አወረደች። እሱ ሦስት ጊዜ። ሥራ የማይችል ሰው ሥራ ነው፣ ግን ተደብቆ የተሠራ ነው፤ ውብአየሁ ድሮ አዝራር እንኳ ሲወድቅባት ከቡራዩ ሱሉልታ ትመጣ ነበር።

ከእጇ የማይለየውን የልክ ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች። ውብአየሁ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት መስከረም፣ ወገብ ሰባ አራት። በግንቦት ሰባ። ከዚያ በኋላ ቁጥር የለም፤ «በፊተኛው ስፊው፣ ምን ያስለካኛል» ብላት እንደነበር አስታወሰች። ሁልጊዜ አንገቷ ላይ የሚውለውን ሜትር አውርዳ አረንጓዴው ቀሚስ ላይ፣ ጥቁሩ ክር ባለበት ዘረጋችው። ሠላሳ ደፍኖ አልሞላም። እጥፍ ሲሆን ሃምሳ ዘጠኝ። ደግማ ለካች። ሃምሳ ዘጠኝ። ሰው እየበላ ከሰባ አራት ወደ ሃምሳ ዘጠኝ አይወርድም። የዛሬ ሳምንት እህቷ ሻይ ስትቀዳ የማንቆርቆሪያው ክዳን ሲንቀጫቀጥ ሰምታ ነበር፤ ክዳኑ ነው ብላ አልፋው ነበር። የውብአየሁ ዓይኖች ትልልቅ ሲሆኑም «አማረብሽ» ያለቻት ማሪቱ ራሷ ናት። ሱሉልታ ያለው ሰውዬ ደግሞ አሁን ይህንን ገላ ቁጭ ብሎ እያየ ነው፤ ልጇም ይቺ እናቴ ናት ብላ እያስለካችው ነው።

ቀሚሶቹን እንደነበሩ ሰቀለች። ሱቁን ቆለፈች። ለኦቦ ዋቆ ቁልፉን ስትሰጥ «ምን ሆንሽ?» አሏት። «የረሳሁት ሥራ አለ» አለች። «ገለቶማ ኦቦ» ብላ አመስግናቸው ሄደች።

ታክሲው ውስጥ ቦታ የጠበባት እሷ ብቻ አልነበረችም፤ የልቧ ነገርም ቦታ አጥቷል። ብትሄድ የልጇን ዕድል በእጇ ልትሰብር ነው። ባትሄድ ምን ልትሆን ነው? እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነጠላ ጫማ መሸጥ? ሰውየው እስካሁን ወጥቶ ይሆናል፤ የክለቡ መግቢያ ፎርም ተፈርሞ ይሆናል። ከሆነ ዝም ብዬ ገብቼ እህቴን ሆስፒታል እወስዳለሁ ብላ ቆረጠች። አዲሱ ገበያ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ።

«እማ!» ሄመን እያለቀሰች ነበር። «እማ የት ነሽ? ነይ፣ ቶሎ ነይ።»

«አክስትሽ ምን ሆነች?»

«አክስቴ? ምንም አልሆነችም። ሁለት ሰሃን በላች። አሰልጣኙ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየና አንገቷን አየ፤ ከዚያ እናትሽ የእንቅርት ሕመም አለባት፣ ይሄ ደግሞ በዘር ይሄዳል፣ አንዲት ልጅ እንደዚሁ ከስታብኝ ቀርታለች አለ። ፎርሙን መልሶ ኪሱ ከተተው። እናቴ አይደለችም አልኩት። አላመነኝም፤ ሳቀብኝ። አሁን ከተማው መውጫ ላይ መኪናውን እያሳጠበ ነው። ነይና ይይሽ። እማ፣ ነይና ይይሽ!»

ጠዋት የወረደው ፎቶ ከሰዓት በኋላ ተፈልጓል። «ደርሻለሁ» አለች።

ሰውየው እውነትም እዚያው ነበር። የመኪና እጥበቱ ልጆች አሮጌ ቶዮታውን ሳሙና አልብሰውታል፤ እሱ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ተቀምጧል። አርባ አምስት ይሆነዋል። የሯጭ እግር አለው፣ ጉልበቱ አጥንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን የትራክሱቱን ዚፕ ያልዘጋ ሆድ ተቀምጧል። ማሪቱ ከሚኒባሱ ስትወርድ ሄመን አየቻትና ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘቻት። ከልጅነቷ ወዲህ አደባባይ ላይ ክንዷን ይዛት አታውቅም።

«ይቺ ናት!» አለች ጮክ ብላ። «እናቴ ይቺ ናት!»

የእጥበቱ ልጆች ዞሩ። አሰልጣኝ ዓባይነህ ተነስቶ ማሪቱን እንደ አመሉ አያት፤ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ወደ ላይ።

«ሦስተኛ እናት አለሽ ወይስ በዚሁ አበቃ?» አለ ለሄመን። ከዚያ ወደ ማሪቱ ዞሮ «ይቅርታ እመቤት፣ በርስዎ አልቀለድኩም። ግን አንዷን ታማለች ብዬ ስተው ሌላ አመጣችብኝ። እኔ ልጅ ነው የምፈልገው፣ ቲያትር አይደለም።»

«እናት አይተው የሚመልሱ ከሆነ እናት ቢያሳምሩልዎ ምን ይገርማል?» አለች ማሪቱ።

ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን ዓይኗ ቀበቶው ላይ ነበር። ቆዳው ላይ አሁን የታሰረበት ቀዳዳ በምስማር የተበሳ ነው፤ ከሱ ወደ ውስጥ ሌላ፣ ዘለበቱ ለረጅም ጊዜ የበላው የተሸበሸበ መስመር ያለበት ቀዳዳ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ቀበቶዎ ሦስት ጊዜ ሰፍቷል» አለች። «ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዓይኔ እንደዚህ ነው። እናትዎ እንዴት ነበሩ? ሰፊ ነበሩ?»

«እናቴ?» ሰውየው ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። «እናቴ ነፋስ የሚወስዳት ሰው ነበረች። ነፍሷን ይማር።»

«ታዲያ ይሄ ከማን መጣ?»

«ይሄማ ከቢራ!» አለ ውሃ የያዘው ልጅ ከመኪናው ማዶ፤ እጥበቱ ሁሉ በሳቅ ተናጋ። አሰልጣኙም ሳቀ፤ ሆዱን መታ መታ አደረገው። ቶሎ ግን ፊቱን ሰበሰበ።

«ይስቁ። እኔ ስድስት ዓመት የምለፋባትን ልጅ ነው የምመርጠው። ድሮ በዓመት ብዙ ልጅ እንወስድ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ልጆቼ አሥራ አንዱ ጡታቸውና ዳሌያቸው ወጣና ቀሩ። እናቶቻቸውን ሄጄ አየሁ። ሰፊ ናቸው። ከየት ላምጣው? ከሱ ወዲህ አስቀድሜ ነው የማየው።»

«ያልሰፉትን የዘጠኙን እናቶችስ አዩ?»

አሰልጣኙ የትራክሱቱን ዚፕ ወደ ላይ ሳበ።

«እኔ ሠላሳ አንድ እናትና ልጅ በሜትር ለክቻለሁ» አለች ማሪቱ። «አሥራ ዘጠኙ ተመሳሰሉ፣ አሥራ ሁለቱ አልተመሳሰሉም። እኔ ጾሜን ስውል ስፌት ላይ ሳድር ይሄ ገላ አልለቀቀኝም። እህቴ ስትበላ ከረመች፣ እሷ ደግሞ አለቀች። የዚች ልጅ አባት እናት ጫንጮ አሉ፣ ገለቴ፤ በሰባ ዓመታቸው እህል ተሸክመው ገበያ ይወጣሉ። ቅልጥማቸው የዚች ቅልጥም ነው። እሳቸውን ማንም አላሳየዎትም።»

«እና ከሠላሳ አንዱ ምን አገኙ?»

«አላወቅሁም።»

«እንግዲያው!»

«እርስዎም አያውቁም።»

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጆቹ ሳሙናውን ማጠብ ጀመሩ፤ ውሃው በእግሮቻቸው መሐል እየፈሰሰ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ሄመን የእናቷን ክንድ አልለቀቀችም፤ ጥፍሯ ይሰማታል። ዓባይነህ ፎርሙን ከኪሱ አወጣ፤ አራት የታጠፈ ነው። አየውና መልሶ ከተተው።

«ነገ ጫንጮ አንዲት ልጅ አለች፣ አያታለሁ» አለ። «እናቷን ማለቴ ነው። ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ልጆች ሜዳ ይምጡና ይሩጡ፤ ሰዓት እይዛለሁ። ቃል አልሰጥም። አንቺ ደግሞ» አለ ለሄመን፣ «ዓርብ ከእናትሽ ጋር ነይ። የትኛዋም ብትሆን።»

ወደ ቤት የሚወስደው ኮረኮንች ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ነፋሱ የሄመንን ትራክሱት ከኋላ ይነፋዋል።

«ታውቂ ነበር?» አለች ሄመን ወደ መሬት እያየች።

«ምስማሩ ሲወድቅ ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ማሪቱ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ጥቂት እርምጃ ሄደች። «ክለቡ እንድትገቢ ነዋ።»

ሄመን የእናቷን ቦርሳ ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው።

ውብአየሁ ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚንቀጠቀጥበት ነፋስ ውስጥ ነጠላዋን አውልቃ በካርቶን ቁራጭ እያራገበች ተቀምጣ ነበር። የማሪቱ ቀሚስ ገመድ ላይ አለመኖሩን፣ ወንበሩ ያለ ትራስ መሆኑን ቀኑን ሙሉ ስታይ ውላ ማሪቱ ነገሩን እንዳወቀች ገብቷታል። ታላቋን ስታይ ለመነሳት ሞከረችና በሩን ያዘች።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። «እርቦኝ ነበር ማሪትዬ። መቆጣጠር አልቻልኩም።»

«ግቢ።»

«ተቆጥተሽ ነው? እሷ ናት እንዲህ እናድርግ ያለችኝ...»

«አረንጓዴውን ሦስት ጊዜ አጥብበሽዋል» አለች ማሪቱ። «የመርፌ እጅሽ ድሮም አስቀያሚ ነው።»

ውብአየሁ ልትስቅ ጀመረችና አቋረጠችው። ገብታ፣ እንደ ልጅነቷ ሳትታዘዝ፣ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ማሪቱ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ሄመንን ደብተሩን አስያዘቻት፤ እርሳስም ሰጠቻት። ውብአየሁ ትንፋሿን ያዘች።

«ተንፍሺ» አለች ማሪቱ።

ተነፈሰች። ልቧ ከቀሚሱ ሥር እንደ ተያዘ ወፍ ሲመታ ሜትሩ ላይ ይታወቃል።

«ሃምሳ ስምንት።»

ሄመን አልጻፈችም። ከላይ የሰፈረውን ሰባ አራት፣ ከሥሩ ሰባን እያየች ነበር። «ሃምሳ ስንት?»

«ሃምሳ ስምንት። ቀኑንም ጻፊ። ነገ ጠዋት ይህን ይዘን ሐኪም ጋ እንሄዳለን፤ ሐኪም አይቻለሁ ብትዪው አያምንም፣ ከጻፍሽ ያምናል።» ከዚያ ለውብአየሁ «ጋቢውን ባትፈልጊውም ልበሺው፣ ብርዱ እንዳይመታሽ» አለቻት። ውብአየሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ካርቶኑን ግን አልጣለችም።

ሄመን ይህንንም የድሮዎቹንም ደብተሮች እያገላበጠች ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ ያላለፈ ሰው የለም፤ ጎረቤት፣ የጠይባ እናት፣ መምህሯ፣ እሷ ራሷ ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ። የማሪቱ ስም ግን የለም። «ያንቺ የት ነው?» አለች።

«ለራሴ በዓይን ነው የምሰፋው።»

«ለምን?»

ማሪቱ ሜትሩን አየችው። ጫፉ ተበልቶ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች አይታዩም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከአሥር ጀምራ ነው የምትለካው። ለልጇ ዘረጋችላት። «ከአሥር ጀምሪ፣ ከዚያ አሥሩን ቀንሺ» አለችና እጆቿን ከፍ አደረገች።

ሄመን ሜትሩን ይዛ ወደ እናቷ ተጠጋች። በአንድ እጇ ጫፉን ያዘች፤ ሌላው ጫፍ ጀርባዋን ዞሮ እንዲመጣ እጇን አሳለፈች፤ አልደረሰም። ጉንጯ የእናቷ ደረት ላይ እስኪያርፍ ድረስ መጠጋት ነበረባት። ከኋላ ጣቶቿ ሜትሩን ፈልገው አገኙት። ስትመለስ ቁጥሩ ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ማሪቱ ትንፋሿን ይዛ እንደቆመች በዚያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«እማ፣ ተንፍሺ» አለች ሄመን።

ማሪቱ ተነፈሰች። ሜትሩ በልጅቷ ጣቶች መሐል ሦስት ሳንቲሜትር ተንሸራተተ። ሄመን የተንሸራተተውን ጨምራ፣ አሥሩን ቀንሳ ጻፈችው።